እግሬን ላተረፉልኝ ሁሉ

ለአንኮበርና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ለዕድራችን አባላት፣ ለጤና ጣቢያችን፣ ለደብረ ብርሃንና ለጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ስማቸውን በወጉ ሳልይዝ ለተለያየኋቸው የክፍል ጎረቤቶቼና አስታማሚዎቻቸው።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የአንድ ቤት ጣሪያ በማደስ ላይ ሳለሁ ውስጡን ምስጥ የበላው ማገር ከሥሬ ተሰብሮ መውደቄን፣ የቀኝ ጭኔ አጥንት መሰበሩንና አዲስ አበባ ድረስ መወሰዴን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ዛሬ በሁለት እግሬ ቆሜ ወደ ሥራዬ ስመለስ በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ» ይለኛል። አዎን፣ እርሱ አትርፎኛል፤ ያተረፈኝ ግን በብዙ ሰው እጅ ስለሆነ፣ የእነዚያን ሰዎች ውለታ በሰላምታ መካከል ብቻ እያነሳሁ ማለፍ አልሆነልኝም።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ሐኪሞቹን ሳይሆን የሰፈራችንን አረጋዊ ወጌሻ ነው። በወደቅሁበት ቦታ የተሰበሰበው ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ እሳቸውን ማስጠራት ነበር፤ እኔም ብሆን ጣቴ ሲወለምና ትከሻዬ ሲወልቅ ዘወትር የምሄደው ወደ እሳቸው ነው። እሳቸው ግን መጥተው፣ አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ የቀረውን እግሬን አንድ ጊዜ ተመለከቱና ማንም እንዳይነካካው ከልክለው «ይኼ የእኔ አይደለም፤ የዚህ ደሙ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት አድርሱት» አሉ። ከዚያም ከራሴ የእንጨት ክምር ሁለት ሳንቃ አስመጥተው፣ አንዱን ከብብቴ ጀምሮ በውጭ በኩል፣ ሌላውን በውስጥ በኩል አድርገው በተቀደደ ነጠላ አሰሩልኝ። ሲያስሩም ጨርቁ እንዳይጠብቅ ጣታቸውን በሥሩ እያሳለፉ ይፈትሹ ነበር።

የዚህን ጥንቃቄ ዋጋ ያወቅሁት ሆስፒታል ከተኛሁ በኋላ ነው። በእኔ ክፍል የነበረ አንድ ወጣት የደረሰበት የክንድ ስብራት ቀላል ሆኖ ሳለ፣ በቀርከሃ አጥብቀው ስላሰሩት ደም መዘዋወር አቁሞ እጁ ተቆርጧል። እንዲህ ያለውን ጉዳት ያየ ሰው ወጌሻን ሁሉ በጅምላ ቢያወግዝ አይፈረድበትም፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በአካባቢያችን ብዙው ሰው ሲሰበር በመጀመሪያ የሚያምነው ወጌሻን ነውና፣ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ የሚያውቅ አንድ ወጌሻ «ሂድ» ሲል ቃሉ ከብዙ የጤና ትምህርት ይልቅ ይሰማል። ጋሼ፣ ያን ዕለት ክፍያ ሳይቀበሉ፣ ስምዎንም ሳያስጠሩ ለፈጸሙልኝ ነገር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።

ከቤቱ እስከ መኪና መንገዱ ያለውን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የዕድራችን ወጣቶች በቃሬዛ ተሸክመውኝ በጭቃ ሲወርዱ፣ እግሬ እንዳይናወጥ ከፊት ያሉት ከፍ አድርገው ይዘው ከኋላ ያሉት ተጎንብሰው ቃሬዛውን ወለል ላይ እንዳለ አልጋ አቅንተውት ነበር። ጸበል ይቅደም ያሉ ወገኖች በነበሩበት ሰዓት «እሱ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ጸበሉን እኔ ካለበት አደርስለታለሁ» ብለው ክርክሩን የዘጉት የንስሐ አባቴም እንዳሉት አድርገዋል፤ በወንበራቸው ተጨናንቀው አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ መጥተዋል። የወረዳው አምቡላንስ በአብዛኛው የሚመላለሰው ወላድ እናቶችን ይዞ ስለሆነ እንደማይደርስልኝ ተነግሮኝ ነበር፤ ሾፌሩ ግን አንዲት እናት አድርሶ እንደተመለሰ፣ ምሳውን ሳይበላ እኔን ይዞ ወጥቷል።

በጤና ጣቢያው ነርሶቹ ግሉኮስ ከሰኩልኝና የሕመም ማስታገሻ ከሰጡኝ በኋላ በየመሐሉ የእግሬን የደም ምት በጣታቸው እየፈለጉ ይመዘግቡ ነበር። በደብረ ብርሃን ሆስፒታል ራጅ ተነሥቼ፣ ራሴና ደረቴ ተመርምሮ፣ የጭኔ አጥንት ከአንድ ቦታ በላይ መሰበሩ ስለታየ ለከፍተኛ ሕክምና ተጻፈልኝ። እስከዚያ ድረስ የነበረውን ወጪ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሸፍኖልኛል። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ «ያልታመመ ሰው ለምን ይከፍላል» ብለው ከተከራከሩት አንዱ ጎረቤቴ ነበር፤ በቅርቡ መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን ሲያሳየኝ ሁለታችንም ሳቅን።

ጥቁር አንበሳ ስደርስ ሐኪሞቹ ከጉልበቴ በታች ባለው አጥንት ውስጥ ቀጭን ብረት አሳልፈው ክብደት አንጠለጠሉበት፤ ጡንቻው አጥንቱን እየሳበ እንዳያሳጥረው ነው። ስለ ደም ያወቅሁትም እዚያው ነው። የጭን አጥንት ሲሰበር ቆዳ ሳይቀደድ በውስጥ ብቻ ከ1 ሊትር በላይ ደም ሊፈስ ይችላል፤ የእኔም ደም አንሶ ስለነበር ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደም ተሰጠኝ። የእኅቴ ልጅ የሥራ ባልደረቦቿን አስተባብራ ወደ ደም ባንክ ይዛ ሄዳለች፤ ከእነሱ መካከል እስከ ዛሬ በዓይኔ ያየሁት አንዱን ብቻ ነው። በእኔ ሥር የገባው ደም ግን የእነሱ ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ ማን እንደሆነ ከማላውቀው ሰው የተቀዳ ነው። ጤነኛ ሆኖ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በየ3 ወሩ ደም መስጠት እንደሚችል፣ የተሰጠውም ደም ከ6 ሳምንት በላይ እንደማይቀመጥ ስሰማ፣ ያ የማላውቀው ሰው የሰጠው እኔ ልወድቅ ጥቂት ሲቀረኝ መሆኑን ተረዳሁ። ወንድሜ ወይም እኅቴ፣ የትም ብትሆን፣ የትም ብትሆኚ፣ አመሰግናለሁ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ጥቂት ሰፋ አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ አናጢ ነኝና። ማደንዘዣው በወገቤ በኩል ስለተሰጠኝ ከወገቤ በታች ምንም ባይሰማኝም ነቅቼ ነበር፤ ከፊቴ ከተጋረደው አረንጓዴ ጨርቅ ማዶ የሚሠራውን በጆሮዬ እከታተላለሁ። መዶሻ ሲመታ፣ መቦርቦሪያ በእጅ እየተሽከረከረ አጥንት ውስጥ ሲገባ፣ አንዱ ሐኪም ለሌላው የብሎኑን ርዝመት በሚሊ ሜትር ሲጠራ ሰማሁ። የማደንዘዣ ባለሙያዋ የልብ ምቴ መፍጠኑን አይታ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት «እንግዲያው ጋሼ፣ በሙያ ባልደረቦችዎ እጅ ነው ያሉት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ፤ ይልቁንም መዶሻው አለአግባብ የተመታ እንደሆነ ለይቼ ለማወቅ ጆሮዬን አቆምኩ። አንድም አልነበረም።

በማግስቱ ለጉብኝት የመጡትን ሐኪም ስለ መሣሪያው ስጠይቃቸው፣ በዙሪያቸው ብዙ ተማሪና ሥራ እያለባቸው ወንበር ስበው ራጁን ብርሃን ላይ አድርገው አስረዱኝ። በአጥንቴ መቅኔ ውስጥ የገባው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ዘንግ ሲሆን ከላይና ከታች በብሎን ተይዟል። ዘንጉ «ሳይን» በመባል የሚታወቀው፣ ሉዊስ ዘርክል የተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በ1999 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚልከው ነው። በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚያሳይ የራጅ ማሽን በሌለበት፣ መብራትም በሚቆራረጥበት አገር እንዲሠራ ታስቦ ስለተዘጋጀ የሚቦረቦረው በእጅ ነው፤ አጥንት ውስጥ የተሰወሩት የብሎን ቀዳዳዎችም የሚገኙት ከዘንጉ ጫፍ ጋር ከውጭ በሚገጠም መለኪያ ነው። እኛ የበር ማጠፊያ ቦታን በልኬት እንጨት እንደምናወጣው ማለት ነው፤ ይህን ስሰማ ለዚያ ሰው ያለኝ አክብሮት ከታካሚ ይልቅ የሙያተኛ ሆነ። ሐኪሞቹ የእያንዳንዱን ታካሚ ራጅ ለድርጅቱ ሲልኩ በተተከለው ምትክ ሌላ ዘንግ ይላክላቸዋል። ስለዚህ የእኔ እግር ራጅ ባሕር ተሻግሮ ሄዷል፤ በእሱ ምትክ የመጣው ዘንግም ዛሬ በሌላ ሰው እግር ውስጥ ይሆናል። ለእነዚያ ሐኪሞች፣ ለማደንዘዣ ባለሙያዋ፣ ደም እንዳይረጋ በየዕለቱ ሆዴን ለወጉኝ ነርሶች፣ ሌሊት ወለሉን ሲወለውሉ አልጋዬን ላለመንካት ለሚጠነቀቁት የጽዳት ሠራተኛ እናት ያለኝን ምስጋና በዚህ አጋጣሚ በአክብሮት እገልጻለሁ።

በሆስፒታል ተኝቶ የሚያውቅ ሰው ከሐኪም ቀጥሎ የሚያኖረው አስታማሚ መሆኑን አይስተውም። ባለቤቴ ሽሮ ሜዳ ከሚኖሩት ዘመዶቻችን ቤት ማለዳ ምግብ ይዛ ስትመጣ፣ ከጎኔ የተኛው የአርሲ ገበሬ ልጅ አስቀድሞ ፊቴን አጥቦኝ፣ ጀርባዬ እንዳይቆስል አገላብጦኝ ይጠብቃታል። እሱ አማርኛ ጥቂት፣ እኔ ኦሮምኛ ከዚያም ያነሰ ስለምናውቅ ብዙ አላወራንም። ባለቤቴ ያመጣችውን ሽሮ ለአባቱ ስታካፍል፣ እሱ ጭኮውን በእኔ በኩል ያኖራል። ከሆስፒታሉ በር ውጭ «ወረፋ እናስቀድምላችሁ» እያሉ ከገጠር የመጣን ሰው ገንዘብ የሚጠይቁ ደላሎችን «ሂዱ፣ እዚህ የሚሸጥ ወረፋ የለም» ብሎ ከባለቤቴ ላይ ያባረረላትም እሱ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን ግን በጊዜው አላመሰገንኋትም፤ ተቆጥቻት ነበር። ቁስሌ ገና ሳይደርቅ ተቀመጥ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ተነሥተህ ክራንቹን ያዝ ስትለኝ ጨካኝ መስላኝ ነበር። ዛሬ መሰላል የምወጣው ያኔ ባታጠፈው ኖሮ ደርቆ ይቀር በነበረው ጉልበት ነው።

አገር ቤት የነበረውን ሁሉ በስም ለመዘርዘር አልችልም። የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት ምንም ጥፋት ሳይኖርባቸው በግ ሸጠው ለመጓጓዣ ልከውልኛል። የሥራ ባልደረባዬ ዝናቡ ሳይብስ ጣሪያውን ጨርሶ የእጁን ዋጋ ሙሉውን ለባለቤቴ አስረክቧል። ዕድራችን ለሐዘን የሚያወጣውን ገንዘብ ለሕይወት ማውጣት ይቻላል ወይ በሚል ተወያይቶ፣ ይቻላል ብሎ ወስኖ፣ ከደብረ ብርሃን በኋላ የነበረውን ወጪ አግዞኛል። ውሳኔው ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለውም ሰው እንዲያገለግል በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ እንዲጻፍ ለሊቀመንበሩ ጥያቄ አቅርቤያለሁ።

ክራንቾቹን ከሰጠኝ ሰው አስፈቅጄ ለዕድሩ ዕቃ ቤት አስረክቤያለሁ፤ ቁመታቸው በብሎን ከፍና ዝቅ ይላል፣ የአንደኛውን የተበላ የጎማ ጫፍ ለውጬዋለሁ። የሚያስፈልገው ሰው ከዕቃ ቤት ኃላፊው ዘንድ ፈርሞ መውሰድ ይችላል።