ለእናቴ የገባችሁት ቃል፦ «ክርክሩን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ»

ይድረስ ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
ቀን፦ ሴፕቴምበር 14, 2024
ጉዳዩ፦ በቴሌቪዥን ቦክሳችሁ ያስተላለፋችሁትን የሴፕቴምበር 10 የሃሪስና የትራምፕ ፕሬዚዳንታዊ ክርክር የአማርኛ ትርጉም በተመለከተ የቀረበ ቅሬታ፣ ለአራተኛ ጊዜ

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

ይህን ቅሬታ ሁለት ጊዜ በስልክ፣ አንድ ጊዜ በዋትስአፕ አቅርቤዋለሁ። ማን እንደሆንኩ፣ የትኛውን ፓኬጅ እንደምከፍል፣ ቦክሱን መቼ እንደገዛሁ አልደግምም። ሁሉም እናንተ ጋ ተመዝግቧል። ዛሬ ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገኝ ሐሙስ ዕለት ሠራተኛችሁ በስልክ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ለመሆኑ እናትሽ የማን ደጋፊ ናቸው?»

የደወልኩት በምሳ ዕረፍቴ ነው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ 38 ደቂቃ ሙዚቃችሁን ሰማሁ። አንዷ አንስታ ወደ ሌላ ሰው አስተላለፈችኝ፤ እሱ ደግሞ ወደ ሦስተኛው። ሦስተኛውን ስሙን ስጠይቀው «ስሜ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ «አንቺ» እያለኝ ነው። እሺ፣ ልለፈው ብዬ ጉዳዬን አስረዳሁ። «ትርጉም ብላችሁ 15 ዶላር ተጨማሪ አስከፈላችሁን። የሰማነው ግን የሁለት ሰዎች ወሬ ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ጥያቄውን ጠየቀኝ።

መጀመሪያ በደንብ ያልሰማሁ መሰለኝ። «ምን አልከኝ?» አልኩት። ደገመው። «ትርጉሙ ያልተመቻችሁ ወገናችሁ ስለተነካ እንደሆነ ለማወቅ ነው» ብሎ ጨመረበት። እናቴ የማንም ደጋፊ ትሁን፣ የከፈለችበትን ነገር የማግኘት መብት አላት አልኩት። የመለሰልኝን ቃል በቃል ልጻፈው፤ ማታውኑ ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ። «ዋናው ሐሳብ እኮ ደርሷቸዋል። አሜሪካ ከመጡ ስንት ዓመታቸው ነው? እስካሁን እንግሊዝኛ አይሰሙም እንዴ?» ከዚያ ስልኩን ዘጋው። እሱ ነው የዘጋው፣ እኔ አይደለሁም።

እናቴ 70 ዓመቷ ነው። ዜግነቷን ያገኘችው በዚህ ዓመት ኤፕሪል ላይ ነው። ዕድሜዋና እዚህ የኖረችበት ዘመን ስለሚፈቅድላት የዜግነት ፈተናውን የወሰደችው በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ ነው። ያን ቀን አብሬያት ነበርኩ። ገና ስንቀመጥ አስተርጓሚዋ እናቴን እንዲህ አለቻት፦ «እማማ፣ እኔ እርስዎ የሚሉትን ብቻ ነው የምለው። አልጨምርም፣ አልቀንስም።» መንግሥት እንግሊዝኛ አለመቻሏን አውቆ፣ በቋንቋዋ ጠይቆ ዜጋ አድርጓታል። ከእናንተ ቢሮ የተቀመጠ ልጅ ግን እንግሊዝኛ ባለመቻሏ ሊያሳፍራት ፈለገ።

በሕይወቷ አሜሪካ ውስጥ የምትሰጠው የመጀመሪያ ድምፅ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቀድሞ መምረጥ የሚጀመረው ሴፕቴምበር 20 ነው፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ውሰጂኝ ብላኛለች። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱም በአንድ መድረክ ሲናገሩ ልስማቸው አለች። ክርክር መስማት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አዲስ አበባ እያለን የምርጫው ክርክር ሲተላለፍ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ነበር የሚሰበሰበው። ልደቱ አያሌው ሲናገር፣ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ሲናገር፣ የገዢው ፓርቲ ሰዎች ሲመልሱ፣ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ነበር የምታዳምጠው። መሀል ሆኖ «እንዲህ ለማለት ፈልጎ ነው» የሚላት ሰው አልነበረም። ራሷ ሰምታ ራሷ ፈረደች። አሁንም የፈለገችው ያንኑ ነው። እናንተም ለሁለት ሳምንት ሙሉ ስታስተዋውቁ የነበረው ያንኑ ነው፦ «ክርክሩን ሙሉ በሙሉ፣ በቀጥታ፣ በአማርኛ ትርጉም።» የማስታወቂያውን ፎቶ ስልኬ ላይ ይዤዋለሁ።

ሴፕቴምበር 10 የዋዜማ ምሽት ነበር። ማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው። እናቴ ዶሮውን ጥዳ፣ ቄጤማውን በላስቲክ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ፣ ልክ ማታ 9 ሰዓት ላይ ምድጃውን አጥፍታ መጣች። ነጠላዋን ደርባ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እንደዚያ ስትቀመጥ በቁም ነገር ነው።

ካማላ ሃሪስ ከወዲያ ወጥታ መድረኩን አቋርጣ ትራምፕ ጋ ሄደች። እጇን ዘረጋች፣ ስሟን ነገረችው፣ ተጨባበጡ። ሁለቱ ከዚያ በፊት ፊት ለፊት ተገናኝተው አያውቁም። ያቺን ሰላምታ እናቴ አየቻት፤ የተባለውን ግን አልሰማችም። የእናንተ አቅራቢ በዚያች ሰዓት የስፖንሰሩን ሬስቶራንት የበዓል ምናሌ እያነበበ ነበር። «ምን አለችው?» አለችኝ። ነገርኳት። «እሷ ነች ሄዳ የጨበጠችው፣ አይደል?» አለች። እናቴ ሰው የምትመዝነው በሰላምታ ነው። ያንን ልትወስዱባት አይገባም ነበር።

ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ። አወያዩ ጋዜጠኛ ዴቪድ ሚዩር ሃሪስን የጠየቃት ቀላል ጥያቄ ነው፦ አሜሪካውያን ከ4 ዓመት በፊት ከነበሩበት ዛሬ ይሻላቸዋል ወይ? እናቴ ማወቅ የፈለገችው በትክክል ይህንን ነው። ዘይትና እንቁላል የምትገዛው እሷ ነች። ጥያቄው ራሱ አልተተረጎመም። ሃሪስ ስለ አስተዳደጓ መናገር ስትጀምር «ተንታኝ» ያላችሁት ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ አለባበሷ ያወራል። ፊላደልፊያ መድረኩ ላይ አንዱ ተራው ሲሆን የሌላው ማይክ ይዘጋ ነበር። ሁለቱ ተፎካካሪዎች እንኳ ተራ ጠብቀው በተናገሩበት ምሽት የእናንተ ሰዎች አንድ ደቂቃ ዝም ማለት አቃታቸው።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ካለመተርጎሙ የባሰ ነው። ሃሪስ አዲስ ለሚጀመሩ ትንንሽ ንግዶች ከግብር የሚቀነስ 50,000 ዶላር እፈቅዳለሁ አለች። የእናንተ ሰው «ንግድ ለሚጀምር ሁሉ 50,000 ዶላር ትሰጣለች» ብሎ ተረጎመው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሁለት ሱቆች የምታስረክብ ሰው ነች። ዞር ብላ አየችኝ። «ይሰጣሉ?» አለች። እኔ ደግሞ ያኔ ኩሽና ነበርኩ፤ በትክክል አልሰማሁም። አይ፣ ከምትከፍሉት ግብር ላይ ነው የሚቀነሰው ብዬ ያስረዳኋት በነጋታው ነው። እስከዚያ ድረስ ሌሊቱን በልቧ ምጣድ ስትገዛ አድራለች።

ትራምፕንም እንደዚያው ነው ያደረጋችሁት። ሌላዋ አወያይ ሊንዚ ዴቪስ ስለ ጤና መድህን ስትጠይቀው የሰጣት መልስ ቃል በቃል «የዕቅድ ሐሳቦች አሉኝ» የሚል ነው። የእናንተ ሰው «ዕቅድ የለኝም አለ» ብሎ ሳቀ። ምናልባት ነገሩ ዞሮ ዞሮ ያው ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። ሰውየው ያለውን ንገሯት፤ ያው መሆን አለመሆኑን እሷ ትወስናለች። እኔ ቆይቼ ትክክለኛውን ቃል ስነግራት ምን አለች መሰላችሁ? «ለሦስተኛ ጊዜ እየተወዳደረ፣ እስካሁን ሐሳብ ላይ ነው?» አለች። ፍርዱን ራሷ ሰጠች። ያ ፍርድ የእሷ ነው፣ የእናንተ ተንታኝ አይደለም።

አሁን ሌሊት እንቅልፍ ወደነሳኝ ልምጣ። ትራምፕ ኦሃዮ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ ሲል፣ ያንን ተርጉማችኋል። በደንብ፣ ጥርት አድርጋችሁ። ከዚያ አቅራቢውና ተንታኙ ሳቁ። እየሳቁ ሳለ ሚዩር ጣልቃ ገብቶ የከተማዋን ሥራ አስኪያጅ እንደጠየቁና እንዲህ ያለ ተአማኒ ሪፖርት እንደሌለ እንደነገሯቸው ተናገረ። ያችን አንድ ዐረፍተ ነገር አልተረጎማችሁም። ሳቃችሁ አልቆ ወደ ሌላ ጥያቄ ተሄደ።

እናቴ አልሳቀችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ «የኔ እናት፣ እውነት ነው?» አለችኝ። እኔም ሰምቼ ስላልጨረስኩ «እንጃ» አልኳት። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ቡና ላይ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ጎረቤቶቻችን በተሰበሰቡበት፣ «እንዲህ ያለ ነገር ኦሃዮ ውስጥ ተከሰተ» ብላ አወራች። ከእነሱ አንዷ የሄይቲ ሴት ነች፤ ያ ወሬ ደግሞ የተወራው በሄይቲ ስደተኞች ላይ ነው። የአማርኛውን ነገር ባትረዳም «ስፕሪንግፊልድ» የሚለውን ቃል ለይታ ሰማች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ሲኒዋን አስቀመጠች። እናቴ ምን እንዳደረገች አልገባትም። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ተነስቼ ነገሩ ሐሰት መሆኑን በሁለት ቋንቋ ማስረዳት ነበረብኝ። እናቴ ሴትዮዋን አቅፋ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሰው የጎዳችው እናንተን አምና ነው።

ያን ቀን ማታ ሙሉውን ክርክር ከኢንተርኔት አወጣሁት። እያቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ ራሴ ተረጎምኩላት። 90 ደቂቃውን ለመጨረስ ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀብን፤ በማግስቱ ጠዋት 6 ሰዓት ሥራ መግባት ነበረብኝ። እኔ ተርጓሚ አይደለሁም። ቃል ሲጠፋኝ «ይህን አላውቀውም እማዬ» እላታለሁ። እሷም እሺ ትላለች። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰምታ «ጠየቃት እኮ፤ እሷ ስለ ልጅነቷ ነገረችው» አለች። ትራምፕን ደግሞ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ለምንድነው የማያያት? እሷ ታየዋለች፣ እሱ አያያትም» አለች። ሦስት ጊዜ አለችው። ማንን እንደምትመርጥ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳት፤ ልጇ ሆኜ ያልጠየቅኩትን ሠራተኛችሁ በስልክ ጠየቀ።

ይህ ደግሞ የመጀመሪያችሁ አይደለም። ጁን 27 በአትላንታው ክርክር «ተርጓሚው አልደረሰም» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የለቀቃችሁት። በዚያ ላይ ምስሉ ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። ባይደን ንግግሩ ተቆርጦበት፣ ቃል ፍለጋ ሲቸገር፣ እናቴ ቦክሱ የቆመ መስሏት ሪሞቱን አነሳች። ሰውየው ራሱ መሆኑን ስነግራት ሪሞቱን አስቀምጣ «ወይኔ፣ ቤተሰቦቹ የት ናቸው?» አለች። በዓመቱ ውስጥ ከታዩት ትልልቅ ቅጽበቶች አንዱን በእናንተ መስመር ምክንያት እንደ ኔትወርክ ብልሽት አየችው። ያኔ ስደውል «ለሚቀጥለው ሙሉ ትርጉም ይኖራል፣ ቃላችን ነው» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ቃሉ ይኸው ነው።

ጁላይ ላይ ክፍያ ሁለት ጊዜ ቆረጣችሁብኝ። አንዱን ለመመለስ አምስት ሳምንት ወሰደባችሁ። የፋሲካ ዕለት ቅዳሴው መሀል ላይ ተቋርጦ የመሬት ሽያጭ ማስታወቂያ ገባ። ሪሞቱ ተበላሽቶ «እንልካለን» ካላችሁኝ ሦስት ወር ሆነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ ቻናል የምትቀይረው ተነስታ ነው። እነዚህን ሁሉ የራሳችን ሰዎች ናቸው እያልኩ አልፌያቸዋለሁ።

አሁን የምጠይቀው ይህንን ነው። ለክርክሩ ትርጉም የወሰዳችሁትን 15 ዶላር መልሱ። የሴፕቴምበር 10ን ክርክር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ያለ ትንታኔ፣ ያለ ሳቅ፣ ጥያቄውንም መልሱንም የጋዜጠኞቹንም እርማት ጨምራችሁ ተርጉማችሁ ከሴፕቴምበር 20 በፊት ልቀቁት። 67 ሚሊዮን ሰው ያየው ክርክር ነው፤ እናቴን የሚመስሉ ስንት እናቶችና አባቶች በእናንተ በኩል ብቻ እንደሰሙት ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። የስፕሪንግፊልዱን ጉዳይ በተመለከተ ደግሞ በዋናው የዜና ሰዓታችሁ ላይ በግልጽ እርማት ይነገር። ትንታኔ ካማራችሁ ክርክሩ ካለቀ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ተንትኑ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

ኦክቶበር 1 ኒው ዮርክ ላይ የምክትል ፕሬዚዳንት እጩዎቹ ቫንስና ዋልዝ ይከራከራሉ። ለዚያ ማስታወቂያ መሥራት ጀምራችኋል፣ አይቼዋለሁ። ተርጓሚ ካላችሁ ማን እንደሆነ ቀድማችሁ አሳውቁ። ከሌላችሁ «ትርጉም» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያው ላይ አንሱ።

ያ ልጅ ደግሞ ለእናቴ ይደውል። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ። በአክብሮት፣ «እርስዎ» ብሎ፣ ይቅርታ ይጠይቃት። የማን ደጋፊ እንደሆነች መጠየቅ እንደማይገባው አውቆ ይደውል።

እስከ ረቡዕ ሴፕቴምበር 18 መልስ ካላገኘሁ ውሉን አቋርጣለሁ። እኔን አምነው ከእናንተ የገዙ አራት ቤተሰቦች አሉ፤ ምን እንደተፈጠረ ለእያንዳንዳቸው እነግራለሁ። የማስታወቂያውን ፎቶ፣ የከፈልኩበትን ደረሰኝና የደወልኩባቸውን ቀኖች አያይዤ ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አመለክታለሁ። ቅጹን ሞልቼ ጨርሻለሁ፤ የቀረው መላክ ብቻ ነው።

ስልኬ እናንተ ጋ አለ። እኔ እስከ ከሰዓት 3 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። እናቴ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ነች፤ ስልኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጥራ፣ ከምጣዱ ተነስታ እስክትመጣ ጠብቋት።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ