ስለ ዘካተል ፊጥር፦ ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ አላህ ፆማችሁን ይቀበላችሁ። ረመዳን ሃያውን አልፏል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ክፍያም ስለ ፈተናም አይደለም፤ ስለ ፊጥራ (ዘካተል ፊጥር)፣ በረመዳን ማብቂያ ከዒድ ሶላት በፊት ለሚስኪን ስለሚሰጠው ግዴታ ነው።

አምና ከዒድ በኋላ ትምህርት በተከፈተ ቀን አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቢሮዬ መጣ። በፌስታል ሩዝ ይዟል። «ፊጥራ ነው፣ ረስተነው ነው» አለኝ። ዒድ ከተሰገደ ሦስት ቀን ሆኖታል። ሩዙን ተቀበልኩት፣ አመሰገንኩትም። ልጁ ግን «አሁንም ፊጥራ ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ያ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም።

ፊጥራ ግዴታ የሆነው በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ነው፤ የረመዳን ፆም በተደነገገበት በዚያው ዓመት። የነቢዩ ባልደረባ ኢብኑ ዑመር እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእያንዳንዱ ሙስሊም ላይ አንድ ሳዕ (የእህል መስፈሪያ ነው) ተምር ወይም አንድ ሳዕ ገብስ ግዴታ አድርገዋል። ወንድ ሴት፣ ትልቅ ትንሽ አይልም። ሰው ወደ ዒድ ሶላት ከመውጣቱ በፊት እንዲሰጥም አዘዋል። ኢብኑ ዐባስ ደግሞ ምክንያቱን ነግረውናል። ፆመኛውን ከውድቅና ከብልግና ንግግር ያጠራዋል፣ ለሚስኪን ደግሞ ምግብ ይሆናል። ከሶላት በፊት የሰጠ ዘካው ተቀባይነት አለው። ከሶላት በኋላ የሰጠ ግን እንደ ማንኛውም ሰደቃ (በፈቃድ የሚሰጥ ምጽዋት) ነው።

ለዚያ ልጅ መልሱ ይኸው ነበር። በዒድ ጠዋት የሚበላው ያጣ ቤት ሩዙ በአራተኛው ቀን ቢደርሰው፣ የዒዱ ጠዋት አልፎበታል። የዘገየ ሰው ግን «አመለጠኝ» ብሎ አይተወውም። ዕዳው ከላዩ አይወርድም፤ ተውበት አድርጎ (ተጸጽቶ) ይከፍላል።

አሁን ወደ ስፍሩ። ሳዕ የመስፈሪያ ስም ነው። መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ አንዴ የሚዘግነው አንድ ሙድ ይባላል። አራት ሙድ አንድ ሳዕ ነው። በሚዛን ስናየው እንደ እህሉ ዓይነት ይለያያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ይመጣል። የመድረሳችን ኡስታዞች ለጥንቃቄ 3 ኪሎ አድርጉት ይላሉ። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና አብራችሁ የምትኖር የምትጦሯት አያት ካለች ስድስት ሰው ነው፤ 18 ኪሎ ማለት ነው። በሐነፊ መዝሀብ (ከአራቱ የእስልምና ሕግ መንገዶች አንዱ ነው) የሳዕ ስሌት ከዚህ ከፍ ይላል፣ ስንዴ ከሆነ ግን ግማሽ ሳዕ ይበቃል። ከወሎም፣ ከሐረርም፣ ከጅማም፣ ከስልጤም የመጣችሁ ወላጆች አላችሁ። የየቤታችሁን መዝሀብ አከብራለሁ። በዚህ መከራከር አልፈልግም።

እህሉ ቤታችሁ የምትበሉት ይሁን። በሐዲስ የተጠቀሱት ተምር፣ ገብስ፣ ዘቢብና ደረቅ አይብ የመዲና ሰው ምግብ ነበሩ። በኛ አገር ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ ይሆናል። ጤፍ ተወዷል፣ አውቃለሁ። ቤታችሁ ስንዴ የሚበላ ከሆነ ስንዴ ስጡ፣ አትጨነቁ። ነቀዝ የገባበት ግን አይሁን። እናንተ የማትበሉትን ለሚስኪን አትላኩ።

ብር ይቻላል ወይ ብላችሁ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በሻፊዒ፣ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀብ የሚሰጠው ምግብ ነው። አቡ ሐኒፋ ዋጋውን በገንዘብ መስጠት ፈቅደዋል። ከዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝና ከሐሰን አል በስሪም ተመሳሳይ ነገር ተላልፏል። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ግን እህል ብቻ ነው። ገንዘብ የምትሰጡ በሰፈራችሁ መስጊድ ኢማም በኩል አድርጉት።

ማን ላይ ነው ግዴታው? በዒድ ቀንና ሌሊት ለራሱና ለቤተሰቡ ከሚበላው የተረፈው ሰው ሁሉ ላይ ነው፤ የብዙኃኑ ዑለማእ አቋም ይህ ነው። ሀብታም መሆን አይጠበቅበትም። ይህ በጣም የምወደው ነገር ነው። ዛሬ ፊጥራ የተቀበለ ሰው ከተረፈው እሱም ይሰጣል። በረመዳን የመጨረሻ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ የተወለደ ሕፃንም ድርሻ አለው። ማህፀን ውስጥ ላለው ግዴታ የለም፤ ኸሊፋው ዑስማን ይሰጡ እንደነበር ስለተላለፈ መስጠት የሚወዱ አሉ።

ሁለት ነገር ላይ ብዙ ጊዜ መሳሳት አያለሁ። አንደኛው፣ አባት ሳዑዲ ወይም ዱባይ ሲሆን ነው። እሱ እዚያ «ለሁሉም ሰጥቻለሁ» ይላል፣ እናት እዚህ ሳታውቅ ትደግማለች። ወይም ሁለቱም ሌላው ሰጥቷል ብለው ይተዉታል። እባካችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ተነጋገሩ። አባትየው እናትን ወክሎ እዚህ ቢያሰጥም ይሆናል። ሁለተኛው የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ነው። በደሞዝ የምትሠራ ልጅ ሙስሊም ከሆነች የራሷ ግዴታ አለባት። አሠሪዋ አስፈቅዷት ቢሰጥላት መልካም ነው። ድሃ ከሆነች መቀበልም ትችላለች። ግን ፊጥራን በደሞዟ ማቻቻል አይገባም፤ ደሞዟ ሐቋ ነው።

ለወላጆቻችሁና ለልጆቻችሁ ፊጥራ አይሰጥም። እነሱን ማብላት ቀድሞም ግዴታችሁ ነው። የተቸገረች አክስት ወይም አጎት ግን ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አምና እህሉን በየክፍሉ ፊት ለፊት ደረደርነው፣ በየጆንያው ላይ የልጅ ስም ጻፍን። ልጆቹን ለማበረታታት ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አንዲት ተማሪ ግን ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ጆንያዎቹን ስትቆጥር አየኋት። የእሷ ስም የለም። የእሷ ቤት ከሚቀበሉት አንዱ ነበር። ሌላው ልጅ መጥቶ «ያንቺስ የታለ?» አላት። ምን እንደመለሰችለት አልሰማሁም፣ ፊቷን ግን አይቻለሁ። ዘንድሮ ስም የለም፣ ድርድር የለም፣ በክፍል ውስጥ «ስንት አመጣህ» የሚል መምህር የለም። እናንተም ልጆቻችሁን ምከሩልኝ።

ልጆቹ ይማሩ ካልን ቤት ውስጥ ይስፈሩ። የልጅ እፍኝ ስለማይሞላ አባት ይዝገን፣ ልጅ ይቁጠር። «ይሄ ያንተ ነው፣ ይሄ የእህትህ» በሉት። አየተል ኩርሲን፣ ያንን የቁርኣን አንቀጽ፣ ልጆቻችሁ ሁሉ ይቀሩታል። ታሪኩን ግን የማያውቁ ብዙ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የረመዳንን ዘካ እንዲጠብቅ አቡ ሁረይራን ሾመውት ነበር። ሌሊት አንድ ሰው መጥቶ ከእህሉ መዝገን ጀመረ። ያዘው። «ችግረኛ ነኝ፣ ልጆች አሉብኝ» ሲለው አዘነለትና ለቀቀው። በሁለተኛውም ሌሊት እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ሌሊት አለቅህም ሲለው፣ ስትተኛ አየተል ኩርሲን ቅራ ብሎ አስተማረው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) «ውሸታም ቢሆንም እውነት ነግሮሃል፤ ያ ሸይጧን ነው» አሉት። እህሉን እየሰፈራችሁ ይህን ንገሯቸው። የሚስኪን ምግብ ሌሊት የሚጠበቅ አማና (አደራ) እንደነበር ይወቁ።

የአሰባሰቡ ነገር እንዲህ ነው። ከረመዳን 25 ጀምሮ እስከ 28 ቀትር ድረስ እንቀበላለን። ወሩ 29 ላይ ሊያልቅ ስለሚችል ከዚያ በኋላ የሚመጣ አንወስድም፤ ራሳችሁ በቀጥታ ለሚገባው ስጡ። እኛ ወኪላችሁ ብቻ ነን። የሚቆጠረው እኛ ጋ የደረሰበት ሰዓት ሳይሆን ሚስኪኑ እጅ የገባበት ነው። ሰሐባዎች (የነቢዩ ባልደረቦች) ከዒድ አንድና ሁለት ቀን ቀድመው ይሰጡ ነበር። ኡስታዞቻችንም በዒድ ዋዜማና ከሶላት በፊት ቤት ለቤት ያደርሳሉ። ለማጓጓዝ መኪና ያላችሁ ወላጆች ብትተባበሩን ትልቅ እገዛ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት መኪና ይበቃናል።

ሙስሊም ያልሆናችሁ ወላጆች፣ ይህ ደብዳቤ የደረሳችሁ ሁሉም ቤት ስለሚላክ ነው፤ ከልጆቻችሁ ምንም አይጠየቅም።

የግቢው በር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍት ነው። እህሉን በንጹሕ ጆንያ ወይም በድርብ ፌስታል አድርጉ። የእህሉን ዓይነትና የሰው ቁጥር ብቻ በወረቀት ጽፋችሁ ውስጡ ክተቱ። ስም አትጻፉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር