ለነፍሰ ጡር ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ የጤና አምድ ላይ ስለ አዩርቬዳ፣ ማለትም ስለ ሕንዶች ባህላዊ ሕክምና፣ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ሕንዶች እናትና ሕፃንን የሚንከባከቡበት መንገድ የቆየ ጥበብ መሆኑን ጸሐፊው አሳምረው ገልጸዋል። እዚህ ድረስ ተስማምተናል። ነገሩ የተበላሸብኝ መጨረሻው ላይ ነው። ነፍሰ ጡሮች «ለፅንሱ ብርታት» በጣሳ የሚሸጥ የአዩርቬዳ ዱቄት በወተት እየበጠበጡ እንዲጠጡ ይመክራል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሻርጃ ውስጥ፣ ከደቡብ ሕንድ ግዛት ከኬረላ የመጡ ቤተሰብ ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ማዳሜ ስትወልድ እናቷ ከኬረላዋ ኮታያም ድረስ ሊያርሷት መጡ። እኔም እማማ እያልኩ ከጎናቸው ሆኜ ውሃ አሞቅ፣ ጨርቅ አቀብል ነበር። ድሮ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩንን የሕንድ መምህራን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ብዙዎቹ ከዚያው ከኬረላ የመጡ ነበሩ። እማማ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የእሳቸውና የእኛ ቤተ ክርስቲያን እኅትማማቾች ናቸው። በጾም ነገር ከእሳቸው ጋር በጣም እንግባባ ነበር።

ሻንጣቸው ውስጥ ከልብስ ይልቅ ጠርሙስ ይበዛ ነበር። ዋናው ዳንዋንታራም የሚሉት ዘይት ነው። በሰሊጥ ዘይት ላይ ሥራሥርና ወተት እየተጨመረ የሚፈላ ነገር ነው። እማማ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያቆሙታል እንጂ እሳት ላይ አይጥዱትም። ማዳሜ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ከትከሻዋ ይጀምሩና ወደ ወገቧ ይወርዳሉ። ወገቧ ጋ ሲደርሱ አይቸኩሉም፤ በአውራ ጣታቸው ጫን እያሉ ይቆያሉ። ዘይቱ ገላዋ ላይ ትንሽ ከቆየ በኋላ ቅጠል በተቀቀለበት ሙቅ ውሃ ያጥቧታል። ውሃው ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ሳሙና የለም፤ ዘይቱን የሚያስለቅቁት በማሾ ዱቄት ነው።

የሕፃኑ ተራ ሲደርስ እማማ ወለሉ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጡና ቅልጥማቸው ላይ ያጋድሙታል። ለእሱ የኮኮናት ዘይት ነው። ሁለት እጁን ይዘው ደረቱ ላይ ያመሳቅላሉ፣ ይፈታሉ፣ እንደገና ያመሳቅላሉ። ውሃ ሲፈስበት ጩኸቱ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፉ ለጉድ ነው!

ምግቡም ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። አብሽ የገባበት የሩዝ ገንፎ በኮኮናት ወተት፣ የሚጠጣው ከሙን የፈላበት ውሃ። አዩርቬዳ የአራስነቱን ጊዜ አንድ ወር ተኩል ያህል ይቆጥረዋል። በዚያ ጊዜ ማዳሜ ድስት እንድታነሳ እንኳ አይፈቀድላትም ነበር።

ጸሐፊው የዘለሉት ግን ይህ ሁሉ ከሆስፒታል በኋላ የመጣ መሆኑን ነው። ማዳሜ የእርግዝና ክትትሏን አንድም ጊዜ አላቋረጠችም፤ የታዘዘላትን ብረትና ፎሊክ አሲድ ትውጥ ነበር። የወለደችው በቀዶ ጥገና ስለሆነ እማማ ቁስሉ እስኪድን ሆዷን አልነኩም፤ ሐኪሟም እሺ እስክትል የገላው ዘይት ቆየ። ኬረላም ሄዳችሁ ብታዩ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴት የሚወልደው ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 ባለው ጊዜ በመላው ሕንድ ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 97 እናቶች ሲሞቱ፣ በኬረላ 19 ነበሩ። ዘይት ብቻውን እንዲህ ያለ ውጤት አያመጣም።

የሚዋጥና የሚጠጣ ነገር ሲመጣ ደግሞ እዚያ ቤት ራሱ ክርክር ነበር። ዳሻሙላሪሽታም የሚባል የአሥር ሥራሥር መጠጥ አለ። በጥቁር ስኳር ተጠንስሶ የሚብላላ ስለሆነ አልኮል አለው። ጠርሙሱን ስከፍተው ጠጅ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ማዳሜ ለሐኪሟ አሳየቻት። ሐኪሟ «እያጠባሽ ይሄን አትጠጪ» አለቻት፤ ጠርሙሱም ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። እማማ ተቀየሙ።

ሌላ ቀን ደግሞ የወርቅ ቀለበታቸውን ድንጋይ ላይ በማር እያሹ ሕፃኑን ሊያልሱት ተነሱ። ልጁ ብልህ ይሆናል ተብሎ የሚደረግ የቆየ ልማድ ነው። ማዳሜ እጃቸውን ያዘች። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል፣ ጡንቻን የሚያዝል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። እኛም አገር የተወለደውን ልጅ ቅቤ የሚያውጡ አያቶች ስላሉ ሕንዶቹ ላይ ጣት ለመቀሰር አይመቸንም። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ነው የሚባለው ለሁላችንም ነው።

አሁን ወደ ዱቄቱ ልመለስ። የእህቴ ልጅ አዋላጅ ነርስ ናት። ጽሑፉን ሳሳያት ራሷን ያዘች። አንዳንዱ የአዩርቬዳ መድኃኒት ሆን ተብሎ ሜርኩሪ፣ እርሳስ ወይም አርሴኒክ እንደሚገባበት የነገረችኝ እሷ ናት። እርሳስ ያልኩት መጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን ነው። ባህላዊ ሐኪሞቹ «አጥርተነዋል» ይላሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 እና 2012 ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ሕንድ የተሠሩ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች የወሰዱ ስድስት ነፍሰ ጡሮች በእርሳስ ተመርዘው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በኢንተርኔት የሚሸጡ 193 ምርቶችን መርምሮ፣ ከአምስቱ በአንዱ ያህል ከእነዚህ ብረቶች ቢያንስ አንዱን አግኝቷል። እርሳስ ከእናቲቱ ደም ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ የሚጎዳውም የልጁን አእምሮ ነው። «ተፈጥሯዊ ነው» ለሚለኝ ሰው፣ እርሳስም እኮ ከመሬት ነው የሚወጣው።

ዘይቱን አልጠላሁትም። ጎረቤቴ በቅርቡ ስትወልድ፣ ጤና ጣቢያ ጠይቃ ከፈቀዱላት በኋላ፣ ተራ የሰሊጥ ዘይት አሙቄ ጀርባዋንና እግሯን አሽቼላታለሁ። የምቃወመው ማንም ያልመረመረው ነገር ነፍሰ ጡር አፍ ውስጥ ሲገባ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ይመልሱልን። ጣሳው ላይ በውስጡ ያለው ሁሉ በዝርዝር ተጽፏል ወይ? አስመጪውስ እነዚህ መርዛማ ብረቶች እንደሌሉበት የሚያሳይ የላቦራቶሪ ወረቀት አለው? መልሱን ስታወጡ ከጎኑ አንድ ፋርማሲስት ወይም አዋላጅ ነርስ የሚሉትን አብራችሁ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
ወ.ገ.፣ ከኮልፌ፣ አዲስ አበባ