ጎተራው ሙዚየም ሆነ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አሮጌ ሕንፃዎች ያወጣችሁትን አንብቤ አንድ ነገር ልጨምር ብዬ ነው። ኬፕታውን ወደቡ አጠገብ ዛይትዝ ሞካ የሚባል የአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ሕንፃው ግን ጎተራ ነበር፣ የምር የእህል ጎተራ! እ.ኤ.አ. በ1924 ተሠርቶ ሲያልቅ 57 ሜትር ቁመት ነበረው። በቆሎው ይገባል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከዚያ በመርከብ ይጫናል። በ2001 ሥራው ቆመ።

እኛ ብንሆን አፍርሰን መስታወት ፎቅ እንገትርበት ነበር (ውሸት ነው?)። እነሱ ግን ቶማስ ሄዘርዊክ የሚባል እንግሊዛዊ ንድፍ አውጪ አመጡ፤ እሱም አንዲት የበቆሎ ፍሬ ወስዶ፣ ቅርጿን አጉልቶ፣ በዚያው ልክ እህሉ ይከማችባቸው የነበሩትን የኮንክሪት ቱቦዎች ከመሃል ቦርቡሮ አዳራሽ አወጣበት። 2017 ላይ ተከፈተ። ከሥር ቆማችሁ ሽቅብ ስታዩ አንገታችሁ እስኪያም ትቀራላችሁ።

ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር ሕንፃው ሥዕሎቹን መጋረዱ ነው። ማሳያ ክፍሎቹ ተራ ነጭ ሣጥን ናቸው፣ እኔም ግማሹን ሰዓት ግድግዳ ሳይ ጨረስኩት። ጎተራ ሰፈር ስላደግሁ ይሆናላ!

አንባቢያችሁ