ወታደሩ ዲሲ ገብቶ ቺካጎ ለምን ቀረ?

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው ስትደውዪ «አባዬ፣ ወታደሩ እናንተ ጋ እንደልቡ ሲንጎራደድ እኛ ጋ ቺካጎ እንዴት ተከለከለ?» ብለሽኝ ነበር። ተሳፋሪ ይዤ ስለነበር አድበስብሼ አለፍኩት። ጥያቄሽ ግን ጥሩ ነው።

ዲሲ ስቴት አይደለችም። አገረ ገዥ የላትም፤ ብሔራዊ ዘቧን፣ በየስቴቱ በአገረ ገዥው የሚታዘዘውን ተጠባባቂ ጦር ማለቴ ነው፣ በቀጥታ የሚያዙት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ኦገስት 2025 ላይ ትራምፕ ዘቡን ሲያሰማሩ ከንቲባዋን ማስፈቀድ አላስፈለጋቸውም። ዩኒየን ስቴሽን ደጃፍ ተራ ስጠብቅ ያንቺ እኩዮች የሚሆኑ ልጆች በሙሉ ትጥቅ ቆመው አያለሁ። ቱሪስት መንገድ ይጠይቃቸዋል። ከዌስት ቨርጂኒያ የመጣ ልጅ የዲሲን መንገድ ከየት ያውቀዋል? ወንጀል ሊከላከሉ መጡ ተብሎ መናፈሻ ውስጥ ቆሻሻ ሲለቅሙ የዋሉም አሉ።

እናንተ ጋ ኢሊኖይ ግን አገረ ገዥ አለ፤ እሳቸውም፣ ፕሪትዝከር፣ «አልፈልግም» አሉ። ፕሬዚዳንቱ ከኢሊኖይ 300፣ ከቴክሳስ ደግሞ 200 ያህል ዘብ አዘዙ። የጠቀሱት ሕግ ይህን የሚፈቅደው አገር ሲወረር፣ አመፅ ሲነሳ ወይም በመደበኛ ኃይል ሕግ ማስከበር ሲያቅት ነው። የፌዴራል ዳኛዋ ኤፕሪል ፔሪ ትእዛዙን አገዱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ዲሴምበር 23 ቀን 2025፣ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ እግዱን አላነሳም አለ። «መደበኛ ኃይል» የተባለው ፖሊስ ሳይሆን ራሱ ጦሩ ሳይሆን አይቀርም አለ። ጦሩ ደግሞ ከተማ ውስጥ የፖሊስ ሥራ እንዳይሠራ የ1878ቱ ሕግ፣ ፖሲ ኮሚታተስ የሚሉት፣ ይከለክለዋል። እንግዲህ ጦሩን ማሰማራት ካልተፈቀደልሽ «በጦሩ ሞክሬ አቃተኝ» ልትዪ አትችዪም። ውሳኔውን ሲያነቡልኝ ሳቄ መጣ፤ አሪፍ ነገር ነው።

(የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 መከላከያ ክልል የሚገባው ክልሉ ሲጠይቅ ነው ይላል። ወረቀቱ ላይ።)

ይህን ሰምተሽ ግን ፕሬዚዳንት ጦር ባዘዘ ቁጥር ክፉ ነው እንዳትዪ። በ1957 ሊትል ሮክ ላይ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ በር ላይ የቆመው የአርካንሳው ብሔራዊ ዘብ ነበር። ያዘዘው አገረ ገዥው ፎበስ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ያንኑ ዘብ ከእጁ ነጥቀው 101ኛውን አየር ወለድ ላኩና ልጆቹ ክፍል ገቡ። አገረ ገዥው አልጠየቀም፤ እንዲያውም ተቃዋሚው እሱ ራሱ ነበር። ያኔ «አገረ ገዥው ካልፈቀደ አይሆንም» ቢባል ኖሮ እነዚያ ልጆች ምን ይውጣቸው ነበር?

ያንን የፈቀደው ከ1807 ጀምሮ ያለው የአመፅ ሕግ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የቺካጎው ውሳኔ አልነካውም። ይህ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል የ1878ቱ ክልከላ ይላላል፤ ከፕሬዚዳንቱ የሚጠበቀው መጀመሪያ «ተበተኑ» የሚል አዋጅ ማውጣት ነው። አመፅ አለ የለም የሚለውን ማን ይፈርዳል ካልሽ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገና በ1827 ፕሬዚዳንቱ ነው ብሏል። ስለዚህ ጓደኞችሽ «በቃ አለቀ፣ አሸነፍን» ካሉሽ፣ ያኛው ሕግ እንዳለ መሆኑን ንገሪያቸው።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ፈተናሽ መቼ እንደሆነ ጻፊልን።

አባትሽ