ተኝታችሁ ነበር

ሐዋሳ

ውድ እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ? ዝምታችን ቢረዝምም ናፍቆትሽ አልቀነሰልኝም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዛሬም ከታቦር ተራራ ሥር ነው የምኖረው።

በቅርቡ እናቴ ዘንድ አባታችን ሌሊት ሌሊት ይመታት የነበረበትን ያንን ዘመን አነሳሁባት። «እናንተማ ተኝታችሁ ነበር» አለችኝ፤ ከልቧ ነው። አልተኛንም ነበር። ከአጥሩ ማዶ አንቺም እንደማትተኚ አውቃለሁ። እኔና ወንድሜ ዓይናችንን ጨፍነን የአባታችንን ኮቴ እናዳምጥ ነበር፤ ሌሊቱ እንዴት እንደሚያልፍ አረማመዱ ይነግረናል።

ዱላው በእኛ ላይ ስላላረፈ የተጎዳን አልመሰለንም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የሳን ዲዬጎ ጥናት ግን ከ9,500 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ሲጠይቅ፣ እናት ስትመታ ማደግን ራሱን የቻለ መከራ አድርጎ ቆጥሮታል። እንዲህ ያለው መከራ በተደራረበ ቁጥር በጉልምስና ድብርቱ፣ የመጠጥ ሱሱ፣ የልብ ሕመሙ ሳይቀር ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ጠብ ባለበት ቤት ያደጉ ልጆች የተቆጣ ፊት ሲያዩ፣ አደጋን የሚጠብቀው የአንጎላቸው ክፍል ጦር ሜዳ እንደ ዋለ ወታደር እንደሚነቃ አሳይቷል።

እኔም ያው ነኝ። ባለቤቴ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው ነው፤ በሩ ጮክ ብሎ ሲዘጋ ግን ሆዴ ይኮማተራል። ማንም ሳይከሰኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወንድሜ ደግሞ ክርክር ሲጀመር ጫማውን አጥልቆ ይወጣል፤ ሚስቱ የናቃት ይመስላታል።

ሽማግሌዎቹ እናቴን በመጡ ቁጥር «ለልጆችሽ ስትዪ ቻይው» ይሏት ነበር። ይህ ቃል ዛሬም ያንገበግበኛል። ስለ እኛ ተብሎ የተቻለውን ሁሉ እኛም አብረን ተሸክመነዋል፤ የጠየቀን ግን አልነበረም። እናቴን አልወቅስም፤ መሄጃ አልነበራትም።

ጥናቱ የብዙዎችን ነገር ይናገራል እንጂ የአንድ ሰው ዕጣ አይቆርጥም። አጠገቡ የሚያምነው አንድ ትልቅ ሰው ያለው ልጅ የተሻለ ይቋቋማል ይላሉ። ለእኔ ያ ሰው አያትሽ ነበሩ፤ በዚያ ሌሊት ማንንም ሳይጠይቁ በራቸውን ይከፍቱልን ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

አሁን አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር እየሄድኩ ነው። መናገሩ መጀመሪያ ላይ ቤተሰቤን አሳልፎ የመስጠት ያህል ከብዶኝ ነበር፤ እየቀለለኝ መጥቷል። አንቺስ? በመጨረሻ ስንገናኝ ሌሊት ሌሊት ድምፅ እንደሚቀሰቅስሽ ነግረሽኝ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ከሆነ ብቻሽን አትያዢው፤ ንገሪኝ። ለገና ልጆችሽን ይዘሽ ነዪ፣ ቤቱ ይበቃናል።

የአንቺው እህትሽ