ለአባባ፣ ከባቡር ሆቴል

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬን፣ ታናናሾቼን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ባለፈው በስልክ ስንጫወት የድሮው ሐዲድ ነገር ሲያንገበግብዎት ሰምቼ ነበርና፣ ሰሞኑን ጭነት ይዤ በአሪዞና ሳልፍ ያደርኩበትን ቤት ልንገርዎት። ከተማዋ ዊንስሎው ትባላለች። እንደኛዋ ድሬ ባቡር የወለዳት፣ በረሃ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ሆቴሉ ላ ፖሳዳ ይባላል። የክብር በሩ ያለው በመኪናው መንገድ ሳይሆን በሐዲዱ በኩል ነው፤ ሲሠራ እንግዳው ከባቡር ወርዶ ነበር የሚገባው።

የእነዚህን የባቡር ጣቢያ ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ነገር የጀመረው ፍሬድ ሃርቪ የሚባል፣ በልጅነቱ ከእንግሊዝ የተሰደደ ሰው ነው። በ1876 (በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልዎት) ቶፒካ በምትባል የካንሳስ ከተማ ባቡር ጣቢያ ላይ ምግብ ቤት ከፈተ። አሠራሩን ቢያዩት ደስ ይልዎ ነበር። ባቡሩ ገና መንገድ ላይ ሳለ ሠራተኛው ተሳፋሪውን እየዞረ ይጠይቅና ስንት ሰው እንደሚበላ ለቀጣዩ ጣቢያ በቴሌግራፍ ያስታውቃል። ባቡሩ ሲቆም ማዕዱ ተሰናድቶ ይጠብቃል፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ሁሉም በልቶ ይሳፈራል። ያለ ሐዲዱ ሰዓት አክባሪነት ይህ ቤት አንድ ቀን አያድርም ነበር።

ላ ፖሳዳን የነደፈችው ሜሪ ኮልተር ናት፣ ሴት አርክቴክት እንደ ብርቅ በሚታይበት ዘመን። የስፔን ባላባት መኖሪያ አስመስላ ከግድግዳው እስከ ቤት ዕቃው ራሷ አሰበችበት። ግን የተከፈተው በ1930፣ የአሜሪካ ገበያ በወደቀ በዓመቱ ነው። በኋላ መኪናና አውሮፕላን መንገደኛውን ወሰዱት፤ በ1957 ተዘጋ። ኮልተር መዘጋቱን አይታ በማግስቱ ዓመት አረፈች። ይህን ሳነብ አዘንኩላት።

ከዚያ የባቡር ኩባንያው ቤቱን ሸንሽኖ ቢሮ አደረገው። ሰዎች ይህን እንደ ውርደት ያወሩታል፤ እኔ ግን ቤቱን ከመፍረስ ያዳነው እሱ ይመስለኛል። ሰው የሚውልበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይለት አለ። አልበከርኪ የነበረው ታላቁ አልቫራዶ ሆቴል፣ የዚሁ ኩባንያ ቤት፣ በ1970 ፈርሶ ቀርቷል። ላ ፖሳዳን ግን በ1997 አለን አፌልት የሚባል ሰው ከሠዓሊ ሚስቱ ከቲና ሚዮን ጋር ሆኖ ገዛውና ክፍልፋዩን እያፈረሱ ወደ ቀድሞ መልኩ መለሱት። ዛሬ የቺካጎና የሎስ አንጀለስ ባቡር እደጁ ይቆማል። ሌሊቱን የዕቃ ባቡር ሲያልፍ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ፣ በሕይወት ቢኖሩ አያቴ ስንት ፉርጎ እንደሆነ በድምፁ ይቆጥሩት ነበር።

አባባ፣ ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ የአዋሹ ቡፌ፣ ያ የድሮው ጣቢያ ሆቴል፣ ከልቤ ስላልወጣ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር ባቡሩ በቀን ብቻ ይጓዝ በነበረበት ዘመን፣ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ነበር የሚገባው። አያቴ ያጫውቱን የነበረው ያንን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በሌላ ሐዲድ፣ በሌላ ጣቢያ ያልፋል። የዊንስሎውን ቤት ታሪክ የጻፈለት ብዙ ነው፤ የአዋሹን የሚያውቁት ግን እንደ እርስዎ ያሉ የምድር ባቡር ጡረተኞች ናቸው።

ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ይዞ እንዲቀዳዎት ነግሬዋለሁ፤ እባክዎ እምቢ እንዳይሉት። እራቱ በስንት ሰዓት ይቀርብ ነበር? ነጂውና ፍሬን ያዡ የት ያድሩ ነበር? ውኃው ከየት ይመጣ ነበር? ትንሽ ነው ብለው የሚተዉት ነገር አይኑር። የሥራ ጓደኞችዎም ካሉ ይጥሯቸው፣ ቡናውን እማዬ ታፈላለች።

አዲስ አበባ ሲሄዱም አዋሽን ዝም ብለው እንዳያልፉ። ወርደው ቤቱን ይዩት፣ በሐዲዱ በኩል ፎቶ አንሡልኝ። የመንገዱን ገንዘብ ከመድኃኒትዎ ጋር ልኬያለሁ።

ልጅዎ